ሙሽራዋና የከሱት ዶሮዎች

ተረት ተረት።

«የላም በረት፣ የዶሮ ቤት።»

እሰይ። እንዲህ ሞቅ አድርጋችሁ መልሱልኝ። ጠጋ ጠጋ በሉ። ትንሿን ወደ ፊት አምጧት፣ ከኋላ ሆና ስታንቀላፋ ትቀራለች። በሉ አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ የደጋ አገር፣ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት ልጇ ገና ጡት ሳይጥል ነው። በሬ አልነበራትም። መሬቷንም የእኩል አራሽ ነበር የሚያርስላት። ታዲያ ምን ነበራት ብትሉኝ፣ ዶሮ ነበራት። ቀይ፣ ነጭ፣ ወሰራ፣ ገብስማ፣ ግቢው ሙሉ ዶሮ። እንቁላሉን ገበያ ታወጣና ጨው ትገዛለች። ጫጩቱን አሳድጋ ትሸጥና ጥጥ ትገዛለች። ከዚያም ጥጡን ፈትላ ለሸማኔ ትሰጥና ልጇን ታለብሳለች። ልጇን ደምሌን እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችው። የመንደሩ ሰው ሲቀልድ፦ «ደምሌን ያሳደገው አውራ ዶሮው ነው» ይል ነበር። ደብሪቱም አትቆጣም። እውነት ነዋ።

ማታ ማታ ዶሮዎቿ ቆጥ ላይ ሲወጡ በየተራ በእጇ ትዳብሳቸዋለች። «ደህና እደሩ» ትላቸዋለች። ከሁሉም የምትወዳት ግን ገብስማዋን ነው። ገብስማዋ አሮጊት ናት። የግቢው ዶሮ አብዛኛው ከእሷ እንቁላል የተፈለፈለ ነው። ደብሪቱ ደጅ ተቀምጣ እህል ስትለቅም፣ ገብስማዋ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ተኝታ ትውላለች።

ደምሌም አደገና ጎልማሳ ሆነ። ሽማግሌ ተላከ። ከወንዙ ማዶ፣ ከቆላው አገር፣ ትርንጎ የምትባል ልጅ ታጨችለት። ትርንጎም አባት የላትም። እናቷ ወለላ ናት ብቻዋን ያሳደገቻት። በጥር ወር ተዳሩ።

ወለላ ድሃ ናት። ለልጇ የምትሰጣት ጊደር የላትም፣ በግ የላትም። ልጇ በምትሄድበት ቀን እስከ ወንዙ ሸኘቻትና፣ ከነጠላዋ ስር አንዲት ዛጎልማ ዶሮ አውጥታ አሳቀፈቻት።

ወለላም፦ «ካሉኝ ሁሉ የተሻለችው ይህች ናት። እንቁላሏ ትልልቅ ነው። ባዶ እጅሽን አማትሽ ቤት አትግቢ» አለቻት።

ትርንጎም፦ «እማዬ፣ አንቺ ብቻሽን ምን ትሆኛለሽ?» አለች።

«እኔ ምን እሆናለሁ። ሂጂ ልጄ፣ ሰው እየጠበቀሽ ነው።»

ትርንጎም ዶሮዋን በደረቷ አቅፋ ወንዙን ተሻገረች።

ደብሪቱ ምራቷን ወደደቻት። ልጅቷ ታታሪ ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ ነው፣ ሰው ሲናገር ታዳምጣለች። ደብሪቱም ይዛት ትዞርና ዶሮዎቹን እንደ ዘመድ ታስተዋውቃት ነበር። «ይህች የገብስማዋ ልጅ ናት። ያቺ ደግሞ ክፉ ናት፣ ስትታቀፍ እጅ ትነቁራለች። ያ አውራ ዶሮ ፈሪ ነው፣ ሲያዩት ግን ጀግና ይመስላል።» ትርንጎም ትስቃለች። ዛጎልማዋም ከሌሎቹ ጋር አብራ ትጭራለች፣ አብራ ትሰፍራለች። በጋው እንዲህ በደህና አለፈ።

ከዚያም ክረምት ገባ። ግቢው ጭቃ ሆነ። ወንዙ ሞላና ሰው የማያሳልፍ ሆነ። በሐምሌ ዶሮዎቹ መክሳት ጀመሩ።

መብላቱንስ ይበላሉ። እህል ሲበተንላቸው ተሻምተው ነው የሚለቅሙት። ግን የበሉት አይታይባቸውም። ደብሪቱ ማታ ስትዳብሳቸው የደረታቸው አጥንት እንደ ቢላ ጀርባ እጇን ይቆረቁራታል። በራሳቸው ላይ ያለው ቀዩ ኩክኒ ነጣ። ክንፋቸውን ጣል አድርገው፣ ዓይናቸውን ከድነው ጥግ ይቆማሉ። ኩሳቸው ውሃ ሆነ። እንቁላል ቆመ። ጫጩቶቹም ዛሬ አንዱ፣ ነገ አንዱ፣ ተኝተው ቀሩ።

ደብሪቱም፦ «ፈንግል አይደለም። ፈንግል ቢሆን ባንድ ጊዜ ጠራርጎ ይሄድ ነበር። ይህ ግን እያላመጠ ነው የሚበላቸው» አለች። ግን ምን እንደሆነ አላወቀችም።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ሸጊቱ እሳት ልትጭር መጣች። ዶሮዎቹን አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«ደብሪቱ፣ እኔ ነገር አልወድም» አለች። ነገር የሚወድ ሰው ሁሉ እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። «ግን እነዚህ ዶሮዎች የከሱት ሙሽራዋ ከገባች ወዲህ አይደለም? ገድ የሌላት ሴት ቤት ስትገባ መጀመሪያ ዶሮ ይከሳል። ከዚያ ከብት። ከዚያ ደግሞ ሰው ነው።»

ደብሪቱም፦ «ተይ ሸጊቱ። የሰው ልጅ ስም አታጥፊ» አለቻት።

ሸጊቱም እሳቷን ይዛ ሄደች። ቃሏ ግን ሄደ? አልሄደም። ቃል እንደ ሰው በሩን አልፎ አይወጣም። ደብሪቱ ጆሮ ውስጥ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ደብሪቱ የቆጡን በር ስትከፍት ገብስማዋ ከስር ወድቃ አገኘቻት። አነሳቻት። ቀልላለች፣ ላባ ብቻ ናት። ደብሪቱም ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ገብስማዋን ጭኗ ላይ አደረገቻት። አላለቀሰችም። እንዲሁ ላባዋን ታስተካክልላት ነበር።

ትርንጎ መጥታ አጠገቧ በርከክ አለች።

«እማማ፣ ይስጡኝ፣ እኔ ልቅበራት።»

ደብሪቱም ሳታያት፦ «ተዪ። አንቺ አትንኪያት» አለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ዱላ አይደለም፣ ስድብ አይደለም። ትርንጎ ግን እጇን ሰበሰበችና ተነሳች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብሪቱ ለዶሮዎቹ እህሉን ራሷ ትበትን ጀመር። ምራቷን ወደ ቆጡ አታስጠጋትም። ክፉም አትናገራት፣ ደግም አትናገራት።

አንድ ምሽት ለልጇ፦ «ደምሌ፣ ወንዙ ሲጎድል ሚስትህን ለእናቷ እንመልሳለን» አለችው።

ደምሌም፦ «ምን አጠፋች እናቴ?» አለ።

«ምንም አላጠፋችም። ልጅቷ ጥሩ ናት። ገዷ ነው ክፉ።»

«ዶሮ ሞተ ብዬ ሚስቴን ልፍታ?»

«አንተን ያሳደገህ ዶሮ ነው። ዶሮው ካለቀ እኔ በምን እኖራለሁ? ነገ ልጅ ስትወልዱስ፣ ልጁ ቢከሳስ?»

ደምሌም አንገቱን ደፋ። እናቱን ይወዳል። ሚስቱንም ይወዳል። «እስከ መስቀል ታገሺኝ» ብቻ አለ።

ትርንጎ ጓዳ ሆና ይህን ሁሉ ሰማች። እራቱን አውጥታ አቀረበች፣ እጃቸውን አስታጠበቻቸው፣ እሷ ግን አልበላችም። 

እንዲህ እያሉ ዘመን ሊለወጥ ሆነ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። በየዓመቱ ደብሪቱ ቤት ዶሮ ይታረዳል። ያን ጊዜ ግን ደብሪቱ፦ «ዘንድሮስ ምኑን አርደን? ሽሮ እንበላለን» አለች።

ትርንጎም፦ «እማማ፣ የእኔ ዛጎልማ ትታረድ። የእርስዎ አይጉደልብዎ» አለች።

«የእናትሽን ስጦታ?»

«ወንዙን ተሸክሜያት ከምመለስ እዚሁ ትበላ ብዬ ነው።»

ደብሪቱ ክው አለች። ልጅቷ ያን ምሽት እንደሰማቻቸው ገና አሁን አወቀች።  ዞር ብላ የማትፈልገውን ምጣድ ታነሳና ታስቀምጥ ጀመር።

ደምሌ ዛጎልማዋን አረደ። ትርንጎ በፈላ ውሃ ነክራ ላባዋን ነጨች። ከዚያም ከቤቱ ጀርባ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ትከፍት ጀመር። አንጀቱ ወፍሮባታል፣ የተወጠረ ነው። ምንድን ነው ብላ በቢላዋ ጫፍ ሰንጠቅ አደረገችው። ነጭ ትል ወጣ። ረጃጅም ነው፣ ቀጫጭን ነው፣ እንደ ተፈተለ ክር ተጠላልፎ ይንቀሳቀሳል። አንዱን ሲያወጡት ሌላው ይከተላል።

ትርንጎ መጀመሪያ ምን ተሰማት መሰላችሁ? ደስ አላት። ገዴ አይደለም፣ ትል ነው፣ አለች በልቧ። ዘላ ተነሳችና ልትጣራ አፏን ከፈተች።

ከዚያም አፏን ዘጋች።

ለምን ብትሉ፣ የታረደችው የማን ዶሮ እንደሆነች ትዝ አላት። የእናቷ ግቢ ታያት። በየክረምቱ ኩክኒያቸው የሚነጣ ዶሮዎች ታዩዋት። እናቷ የሞቱ ጫጩቶችን በቅጠል ጠቅልላ፦ «ክረምት ነው፣ ክረምት የጫጩት ጠላት ነው» ስትል ታየቻት። እንግዲህ ትሉ ከዚያ ነው የመጣው። በደረቷ አቅፋ ወንዝ ያሻገረችው እሷ ራሷ ናት። ብትናገር፣ ያው ሸጊቱ ያለችው አልቀረም፣ ጥፋቱ በሙሽራዋ እጅ ገባ ይባላል። ዝም ብትልስ? አንጀቱን አፈር አልብሳ ሥጋውን ብታገባ፣ ማን ያያል? ማንም አያይም።

ዘወር ብላ ማንም አለመኖሩን አየች። በቢላዋ ጫፍ መሬቱን መጫር ጀመረች።

ታዲያ ስትቆፍር ወሰራዋ ዶሮ ከኋላዋ መጣች። የገብስማዋ ልጅ ናት። አጥንቷ ገጥጦ፣ ክንፏ ተጎትቶ፣ ትሉን አይታ ልትለቅም አንገቷን ሰደደች። ትርንጎ አባረረቻት። ተመልሳ መጣች። ምን ታድርግ፣ ርቧታል። የበላችውን ሌላ ይበላባታል።

ትርንጎም አየቻትና ቢላዋውን አስቀመጠች። አንጀቱን በኮባ ቅጠል ሸፈነችና ድምጿን ከፍ አድርጋ ተጣራች።

«እማማ፣ እስኪ ይምጡ።»

ደብሪቱ መጣች። ቅጠሉን ገለጠችላት። ደብሪቱ በርከክ ብላ በስንጥር ነካካችው።

«ከሆዷ ነው የወጣው?»

«ከሆዷ ነው። የሌሎቹም ሆድ እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ለዚህ ነው እየበሉ የሚከሱት።» ከዚያም ትርንጎ፦ «እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። የእናቴም ዶሮዎች በክረምት እንደዚህ ይሆናሉ። ትሉ ከእኛ ቤት ነው የመጣው። ዛጎልማዋ ናት ያመጣችው። እሷን ያመጣሁ ደግሞ እኔ ነኝ» አለች።

ደብሪቱ ቀና ብላ አየቻት። 

«ባትነግሪኝ እኮ አላውቅም ነበር» አለች።

«አያውቁም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«ዶሮዎቹ እንዲድኑ ነዋ፣ እማማ።»

ደብሪቱ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የልጅቷ ጉንጭ ላይ ላባ ተለጥፏል። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት። 

«ገድ አይደለም፣ ትል ነው» አለች። «ገድ መድኃኒት የለውም። ትል አለው። እኛስ ኮሶ ሲታየን መድኃኒት አንጠጣም? ዶሮስ ሆድ የላትም?»

ከዚያም ተነሱና ተማከሩ። ደብሪቱ ቤት ኮሶ ነበር። ግን ኮሶ ትልቁን ሰው አልጋ ላይ ይጥላል፣ ዶሮንማ ምን ያደርጋት ይሆን ብለው ፈሩ። ጥቂት ወስደው በዱቄት ለወሱና ለአውራ ዶሮው አቀመሱት። አውራ ዶሮው ተንገዳገደ። ከዚያም እግሩን ዘርግቶ ተኛ። ሁለቱም ሴቶች ከአጠገቡ ተቀምጠው ዋሉ። ደብሪቱ ውሃ በጣቷ ታንጠባጥብለታለች። ትርንጎ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። ወደ ማታ አንገቱን ቀና አደረገና ሊጮህ ሞከረ፤ ድምጹ እንደ አሮጌ በር ሲጥ አለ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩና ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ አብረው ሲስቁ ያን ጊዜ ነው።

ደብሪቱም፦ «ኮሶስ ይቅር። ይገድላቸዋል» አለች።

ትርንጎም፦ «እኛ አገር እንቆቆ እንጠጣለን። ወንዙ ዳር የሚበቅል ሐረግ ነው፣ ፍሬው ቀያይ ነው። ከኮሶ ይለዝባል። የዱባ ፍሬ ደግሞ ለልጆች ይሰጣል፣ ያም ትል ያስወጣል» አለች።

ደምሌ ገደሉን ወርዶ እንቆቆውን ለቅሞ መጣ። ትርንጎ አድርቃ ወቀጠችው። የዱባ ፍሬም ቆልታ ወቀጠች። ከገብስ ዱቄት ጋር ለወሰችና እንደ ሽምብራ ትንንሽ አድርጋ አድበለበለችው። ዶሮዎቹ ሳይበሉ እንዲያድሩ አደረጉ። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ። ትርንጎ ዶሮዋን ታቅፋ አፏን ትከፍታለች። ደብሪቱ መድኃኒቱን ታጎርሳለች፣ ጉሮሮዋን ወደ ታች ዳበስ ዳበስ ታደርግላታለች። «ዋጪ እሜት። ዋጪ የእኔ እናት» ትላለች። ክፉዋ ዶሮ የደብሪቱን ጣት ነቆረች። «ገና አልሞተችም፣ ደህና ናት» አለች ደብሪቱ።

ከዚያም እንዳይበታተኑ ጋጣ ውስጥ ዘጉባቸው። ትሉም ወጣ። ያ እንደ ክር ያለው ትል ሞቶ ወጣ። ኩሱን ጠርገው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። የድሮውን ቆጥ አፈረሱ፣ ገለባውን አቃጠሉ፣ አመድ ነሰነሱ። ደምሌም ፀሐይ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ አዲስ ቆጥ ሠራ።

ሸጊቱ በአጥር በኩል ታያቸው ነበር።

«ምን ሆናችሁ ነው ለዶሮ እንቆቆ የምታጠጡት? ነገ ደግሞ ድመቷን ጠበል ውሰዷት» አለች።

ደብሪቱም ወደ አጥሩ ሄደች። «ሸጊቱ፣ የልጅቷ ገድ አይደለም። ትል ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንቺም ዶሮዎች እኔ ግቢ ሲጭሩ ነው የሚውሉት። ኩክኒያቸውን አይተሻል? ነገ ጠዋት ሳታበያቸው ይዘሻቸው ነይ» አለቻት።

ሸጊቱ ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ገባች። በማግስቱ ግን ዶሮዎቿን በቅርጫት ይዛ፣ መሬት መሬት እያየች መጣች። ትርንጎም ተቀበለቻትና የመጀመሪያዋን ዶሮ ታቀፈች።

ዶሮዎቹ ቀና አሉ። ከዚያ ደግሞ ከሰነበቱ በኋላ አንዳንዶቹ መልሰው ክንፋቸውን ጣሉ። ደብሪቱ ተስፋ ቆረጠች። «አልሆነም ማለት ነው» አለች።

ትርንጎም፦ «እማማ፣ ቅማል ሲለቀም ቅጫሙ ይቀር የለ? ትልም እንቁላል አለው ይሆናል። እንድገመው» አለች።

ጨረቃዋ ጠፍታ እንደገና ስትወጣ ደገሙት። አሁን ያዘላቸው። ኩክኒያቸው እንደ በርበሬ ቀላ። አውራ ዶሮው ድምጹ ተመለሰና ጎረቤቱን ሁሉ አደነቆረ። አንድ ጠዋት ወሰራዋ ካካ ስትል ሰሙ። ደብሪቱ ሄደችና እንቁላሉን አነሳችው። ገና ይሞቃል። ወደ ጓዳ ገብታ የትርንጎን መዳፍ ከፈተችና አስቀመጠችላት። የምራቷን ጣቶች በላዩ አጠፈችላት። 

እንግዲህ ልጅቷን መመለስ የሚባል ነገር ቀረ። ማንም አላነሳውም። ግን ትርንጎ ደስታዋ ሙሉ አይደለም። ሥራዋን ስትጨርስ አፋፉ ላይ ትወጣና ወደ ወንዙ ታያለች።

ደብሪቱም፦ «ምን ሆነሻል?» አለቻት።

«እናቴን እያሰብኩ ነው። ዶሮዎቿ እንደዚያው እያለቁ ነው። የክረምቱ ጣጣ ነው እያለች ትቀብራለች። ከእነሱ ሌላ ምንም የላትም፣ እማማ።»

 ዶሮ ብቻ ያላት ሴት ምን እንደምትሆን ለደብሪቱ ማን ይነግራታል? በማግስቱ ጠዋት የተወቀጠውን እንቆቆ ቋጠረች፣ የዱባ ፍሬውን ቋጠረች፣ በትሯን አነሳች።

«ወንዙ ጎድሏል። ነጠላሽን ልበሺ» አለች።

ደምሌም፦ «እናቴ፣ ጉልበትሽ አይችልም። እኔ ልውሰዳት» አለ።

«አንተ ዶሮ ማጉረስ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ ቤት ጠብቅ። ማታ ማታ ደህና እደሩ በላቸው።»

ገደሉን ወረዱ። ወንዙ ጉልበት ድረስ ነው። ደብሪቱ ውሃ ትፈራለች፣ ዳሩ ላይ ቆማ ቀረች። ትርንጎም ጎንበስ አለችና፦ «ይታዘሉ እማማ» አለቻት። አዘለቻትና ተሻገረች። ደብሪቱ የልጅቷን አንገት ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ ማዶ እስኪደርሱ ዓይኗን አልገለጠችም።

በመንገድ ላይ ደብሪቱ፦ «ለእናትሽ ዛጎልማዋ ትል እንዳመጣች አትንገሪያት። የተሻለችውን መርጣ ነው የሰጠችሽ። ምን ይጠቅማታል?» አለች። ትርንጎም አንገቷን ነቀነቀች።

ወለላ ደጇ ላይ ነበረች። ቀና ስትል ልጇ ቋጠሮ ተሸክማ፣ አማቷ በትር ይዛ ከፊት ከፊት ስትመራ አየች። በዚያ አገር አማት ሙሽራን እንዲህ ይዛ ከመጣች ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ወለላ የያዘችውን ቅል መሬት አስቀመጠች። ግድግዳውን ያዘች። ከዚያም ወደ ቤት ገባችና የልጇን የድሮ መኝታ፣ ቁርበቱን፣ አንጥፋ ወጣች። ደብሪቱ እግር ስር ዝቅ አለች።

«እሜት ደብሪቱ፣ ልጄ ምን አጥፍታ ነው? ያጠፋችው እኔ ሳላስተምራት ቀርቼ ነው። በእሷ አይፍረዱባት» አለች።

ደብሪቱ ልትመልስ ፈለገች። ዳገቱ ግን ትንፋሿን ወስዶታል። እጇን ብቻ ታወዛውዛለች።

ወለላም ያን አይታ እንባዋ መጣ። «ግድ የለም። ቤቷ ነው። ግቢ ልጄ» አለች።

ያን ጊዜ ደብሪቱ ትንፋሿን አገኘች። የወለላን ክንድ ይዛ አነሳቻት።

«ልጅዎን አልመለስኩም። እኔ ልጄን ተከትዬ ነው የመጣሁት። የእናቴ ዶሮዎች ታመዋል አለችኝ» አለች።

ወለላ አልገባትም። «ዶሮዎች?» አለች።

«ዶሮዎች። መድኃኒት ይዘናል።»

ወለላ አንዴ ልጇን አየች፣ አንዴ ደብሪቱን አየች። ከዚያም ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባትና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በማግስቱ ሦስቱም ተቀምጠው ዶሮዎቹን አጎረሱ። ሲያጎርሱ ወለላ፦ «ዛጎልማዋስ እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀች። ትርንጎ አንገቷን ደፋች። ደብሪቱ ግን ሳትጨነቅ፦ «ለእንቁጣጣሽ በላናት። ያቺ ዶሮ ለቤቴ የዋለችልኝን ውለታ ነግሬዎት አልጨርስም» አለች። ውሸት ነው? እናንተው ፍረዱ።

ትሉም ወጣ። ቆጡም ታደሰ። ደብሪቱ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትነሳ ትርንጎም ነጠላዋን አነሳች። ደብሪቱ ግን ከለከለቻት።

«አንቺ እዚህ ቆዪ። መድኃኒቱ ሲደገም እናትሽ ብቻዋን አትችልም። ዶሮዎቹ ሲበረቱ ትመጪያለሽ።»

ትርንጎ አማቷን አዝላ ወንዙን አሻገረቻትና ወደ እናቷ ተመለሰች።

ደብሪቱ ቤቷ ገባች። ቤቱ ሰፋባት። እህል ስትለቅም የሚያዳምጣት የለም። «ደርሳ ትመጣለች» ትላለች ለደምሌ፣ እሱ ሳይጠይቃት። ጨረቃዋ ወጣች፣ ሞላች፣ ጎደለች። ደብሪቱ ማታ ማታ ዶሮዎቿን ካስገባች በኋላ ያን ጉልበቷን ይዛ አፋፉ ላይ ትወጣ ጀመር። መንገዱን ታያለች። ደምሌም ከእርሻ ሲመለስ ወደ ቤት አይገባም፣ እዚያው መጥቶ አጠገቧ ይቆማል። ሰው ሲያልፍ፦ «ምን ታያላችሁ?» ካላቸው፦ «ነፋስ እየተቀበልን ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከታች ከገደሉ ስር፣ አንዲት ነጭ ነጠላ ብቅ አለች። መታጠፊያው ጋ ጠፋችና እንደገና ብቅ አለች። እናትና ልጅ ሁለቱም እኩል፦ «መጣች» አሉ። ደምሌ ቁልቁል ሮጠ። ደብሪቱም በትሯን ጥላ ተከተለችው።

ከዚያ በኋላ በደስታ ኖሩ። ልጆች ተወለዱ፣ ወለላም እየመጣች ታየቻቸው። ደብሪቱና ደምሌ ግን በአንድ ነገር ሳይስማሙ ነው ያረጁት። ያን ቀን ትርንጎን መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ ትላለች እናት። የለም፣ እኔ ነኝ ቀድሜ ያየኋት ይላል ልጅ። ትርንጎን ዳኚን ሲሏት፣ እሷ ትስቃለች እንጂ አትፈርድም ነበር።

እንግዲህ ይኸው ነው። ተረቴን ለሚመጣው ልጅ አውርሱ፣ የደረቀ ጉሮሮዬን በእርጎ አርሱ።